ባትሪ የሌላት መርሴዲስ

ተስፋጽዮንን አልጋው ሥር ወድቆ ያገኘሁት እኔ ነኝ። አሳምነው አሁን ለሰው ሲያወራ «አገኘነው» ይላል። እሱ ያን ጊዜ ላይ ቤት ሻንጣ እየመዘነ ነበር።

የአሳምነውና የሚስቱ የዓለምፀሐይ ቤት ከእኔ ጋር አጥር ለአጥር ነው፤ ኦክላንድ። ከቤቱ ሥር ጋራዥ አለ፤ ከጋራዡ ጀርባ መስኮት የሌለው ክፍል አለ። ክፍል ማለት ከተቻለ። ተስፋጽዮን የሚኖረው እዚያ ነው። በዲቪ ከመጣ ዓመት ያልሞላው፣ ሳን ሊያንድሮ አንሶላና ፎጣ የሚያጥብ፣ ሳይነጋ ወጥቶ ከምሳ በኋላ ገብቶ የሚተኛ ጭምት ልጅ ነው። አልጋው ጋ ለመድረስ በመርሴዲሷ ጎን ማለፍ አለበት።

መርሴዲሷ የአሳምነው ናት። የድሮ ናት፣ ጥቁር አረንጓዴ፤ ከሚስቱ ይልቅ እሷን የሚያናግርባቸው ቀኖች አሉ። እዚህ አገር ክረምቱ የሚገባው በታኅሣሥ ነው፤ እሱ ደግሞ ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት ይሄዳል። ከመሄዱ በፊት በየዓመቱ ዳዊ የሚባል መካኒክ ከሳን ሆዜ ይመጣና መኪናዋን ለክረምት ያሰናዳታል። ዘይት ይቀይራል፣ ታንኩን አፉ ድረስ ይሞላል፣ ቤንዚኑ እንዳይበላሽ መድኃኒት ይጨምርበታል። ጎማው ቆሞ እንዳይጎብጥ በብረት መቆሚያ ላይ ያሳርፋታል። አይጥ እንዳይገባ ማርሚታዋን በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ይደፍነዋል፣ ውስጧ እንዳይሻግት መስኮቷን በጣት ስፋት ዝቅ ያደርጋል፣ በመጨረሻ ልብሷን ያለብሳታል። ለሰው እንዲህ ያለ መሰናዶ ሲደረግ አይቼ አላውቅም።

ያን ቀን ጠዋት ዳዊ መጥቶ ይህን ሁሉ አድርጎ ሄደ። ወደ ማምሻው ላይ፣ አንድ ከባድ ካርቶን ነበረኝና ተስፋጽዮን ያንሳልኝ ብዬ ወደ ጋራዡ ገባሁ። ትልቁ በር ተከፍቷል። ዓለምፀሐይ ወለሉን በውኃ ትጠርጋለች።

«ተስፍሽ የለም?»

«ተኝቷል መሰለኝ፣ እትዬ። እኔንም ዛሬ ራሴን ፈልጦኛል። ጾሙ ነው መሰል።»

አንኳኳሁ። በሩን ገፋ ሳደርገው ልጁ ወለል ላይ ነው፤ በሸሚዝ ብቻ፣ አገጩ ላይ ትውከት፣ ዓይኑ ግማሽ ተከፍቶ። ያየኛል ግን አያየኝም። በብብቱ ገብቼ ጎተትኩት፤ ዓለምፀሐይ እግሩን ያዘች። ውጭ ዝናቡ ላይ ስናስተኛው ነው አሳምነው ከደረጃው ወርዶ «ምን ሆናችሁ?» ያለው።

የእሳት አደጋ ሰዎች መጡ። አንደኛው በእጁ ትንሽ ማሽን ይዞ ወደ ልጁ ክፍል ሲገባ ማሽኗ ትጮህ ጀመር። ሰውየው መጀመሪያ ማሽኗን አየ፣ ቀጥሎ መርሴዲሷን አየ። ሽታ የሌለው መርዝ ጋዝ ነው፣ ዝግ ቤት ውስጥ ሞተር ሲነሳ የሚወጣ ነው አለ። ልጁን ኦክስጅን አድርገውለት ወሰዱት፤ ይተርፍ አይተርፍ የሚነግረን ጠፋ።

አሳምነው መኪናዋ ፊት ቆሞ «እንዴት?» አለ። «ቁልፏ እኮ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። በአራት ብረት ላይ ቆማለች። ማን አስነሳት?»

እንግዲህ ግራ መጋባት የጀመረው ከዚያ ነው።

*

በማግስቱ መርማሪዋ መጣች። ሊሊ ተፈራ ትባላለች። አባቷ ታክሲ ይነዳ ነበር፣ አውቀው ነበር፣ ደህና ሰው። እሷ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ፖሊስ ሆናለች። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትናገረው ግን እግሩ እንደተሰበረ ወንበር ነው፤ ሽማግሌውንም አሮጊቱንም አንተ አንቺ ነው የምትለው።

«እማማ፣ አንቺ ትናንት ምን ሰማሽ?»

«እርስዎ ምን ሰሙ ነው የሚባለው።»

«ሶሪ። እርስዎ ምን ሰማሽ?»

ተውኳት። «ሞተር ሰማሁ። ጠዋት። ቆየት ብሎ ነው የጠፋው።»

«ጋራዥ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ?»

«አጥር አሳልፌ አላይም እኮ፣ ልጄ። ጆሮ ነው ያለኝ።»

ጋራዥ ገብታ የመኪናዋን ልብስ ከፊት በኩል ገለጥ አደረገችና ኮፈኑን ከፈተች። ባትሪው የሚቀመጥበት ቦታ ባዶ ነው። አጎንብሳ ማርሚታውን አየች፤ ሽቦው እንደ ተጠቀጠቀ ነው፣ አልጠቆረም። ቀና ብላ ደግሞ ጣሪያውን አየች። ነጭ ክብ ፕላስቲክ ተለጥፏል፤ እላዩ ላይ መኖር ያለበት፣ ጭስና ጋዝ ሲያገኝ የሚጮኸው ነገር ግን የለም።

«አላርሙ የት ሄደ?»

«ነበር» አለ አሳምነው። «ባለፈው ነበር።»

አብሯት የመጣው ፈረንጅ ፖሊስ አንገቱን ነቀነቀ። አላርሙን አስቀድሞ ያወረደ ሰው አስቦበት ነው የመጣው ማለቱ ነው። ያ ነገር ሁላችንንም አስደነገጠን።

ሊሊ ወደ ዓለምፀሐይ ዞረች። «ከምሳ በኋላ መኪናውን የነካ ሰው አለ?»

«ማንም አልነካት።»

«ሞተር ያስነሳ?»

«ማንም፣ በልጆቼ።»

«አንቺ የት ነበርሽ?»

«ልጁ ሲገባ እዚሁ ነበርኩ፤ ሰላም አለኝ፣ ገብቶ ተኛ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስመለስ ወለሉን አጠብኩ።»

«ለምን አጠብሽ?»

ዓለምፀሐይ ባሏን ቀና ብላ አየችው። «ቆሽሾ ነዋ» አለች።

ዋሸች እንዳትሉ። አንድም ውሸት አልተናገረችም።

*

ከሰዓት በኋላ ዳዊን ያዙት።

ያስያዘው የገዛ አፉ ነው። ዳዊና ተስፋጽዮን አንድ ሳህን ላይ የሚበሉ ጓደኛሞች ነበሩ። ዳዊ ሊያገባት ያሰባት ብሩክታዊት የምትባል ነርስ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ካልሲ የሌለውን ተስፋጽዮንን ወደደች። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ውስጥ ሁለቱ ተጨቃጨቁ፤ ዳዊ ሰው ሁሉ እየሰማ «እዚያች ጋራዥ ውስጥ ታፍነህ ትሞታለህ፣ ያን ቀን ነይና አውጪኝ በላት» አለው። ሰው የሚለውን የማያውቀው ሲናደድ ነው። በዚያ ላይ የጋራዡ ቁልፍ አለው፣ ሞተር ያውቃል፣ ያን ቀን እዚያ ነበር፤ እኔም ሞተር ሰምቻለሁ።

ሊሊ ጣቢያ ውስጥ ስትጠይቀው ምንም አልደበቀም አለችኝ።

«ሞተሩን አስነሳህ?»

«አስነሳሁ። መድኃኒቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ እንዲዳረስ ሞተሩ ትንሽ መሥራት አለበት። ግን ውጭ ላይ ነው። ከዚያ አስገባኋት፣ አጠፋሁ፣ ባትሪውን ነቅዬ ሄድኩ።»

«ተስፋጽዮንን ትጠላዋለህ?»

«ያኔ ጠልቼው ነበር። አሁን ይተርፋል ወይ?»

ይተርፍ እንደሆነ እሷም አታውቅም ነበር።

ዳዊ የጥገኝነት ጉዳዩን ለዓመታት ሲጠብቅ ኖሮ ቃለ መጠይቁ የሚደርሰው በሚቀጥለው ሳምንት ነበር። የሊሊ አለቃ እስከ ነገ ማታ ወይ ክስ ይመሠረትበታል ወይ ይለቀቃል አለ። ሰው ሊገድል ሞከረ ተብሎ የተከሰሰን ልጅ ማን ጥገኝነት ይሰጠዋል? ከእስር ቢወጣ እንኳ መንገዱ ወደ ሸሸው ቦታ ነው። ይህንን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማያውቅ አልነበረም፤ ግን ግማሹ ያዝንለታል፣ ግማሹ «ታዲያ ማን ነው?» ይላል።

*

የሳን ሆዜውን እኔ አላየሁም። ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ሊሊ እቤቴ እየበላች ያወራችኝ ነው፤ እንግሊዝኛውን ለቅሜ አውጥቼ ነው የምነግራችሁ።

ዳዊ የሚሠራበት ጋራዥ ባለቤት ጉዲና ይባላል። ሊሊ ስትገባ እጁን እንኳ ከሥራው አላነሳም።

«ዳዊ የዚያን ቀን መቼ መጣ?»

«እኩለ ቀን ላይ። ምሳዬን እየበላሁ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ያቺ ቫን ትታይሻለች? እሷ ሥር ገባ፣ እስኪመሽ አልወጣም። እግሩን ብቻ ነው ያየሁት።»

«የእሱ እግር መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ይዘፍን ነበር። እንደ እሱ ዘፈን የሚያበላሽ ሌላ ሠራተኛ የለኝም።»

ከግድግዳው ሥር ጠረጴዛ ላይ አንድ ባትሪ ቻርጅ ላይ ተሰክቷል፤ በፕላስተር «የጋሼ አሳምነው» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ይኼ መቼ መጣ?»

«ከእሱ ጋር። በየዓመቱ ያመጣዋል። ባትሪ ሥራ ከፈታ ይሞታል፤ እዚህ ቀስ እያልን እናበላዋለን።»

ሊሊ ባትሪው ፊት ቆማ ቀረች። ተስፋጽዮን ከሥራ የገባው ከምሳ በኋላ ነው። ዓለምፀሐይ በጤናው አይታዋለች። ያን ጊዜ ባትሪው እዚህ ሳን ሆዜ ነው፣ ዳዊም ቫን ሥር ነው። መርሴዲሷ ሰው ብትሆን «ልቤ ሌላ ከተማ ነበር» ብላ ትምላለች።

ለአለቃዋ ደወለች። አለቃዋ ሳቀባት አሉ። ጓደኛ ለጓደኛው ይዋሻል፣ ባትሪ ደግሞ በየሱቁ ይሸጣል፣ ሌላ ገጥሞ መልሶ ነቅሎት ይሆናል አላት። እሷም «ይሆናል» አለች። ይሆናል ያልተባለ ነገር አልነበረም ያን ሰሞን።

*

በሚቀጥለው ቀን ጠዋት የጋዝ ኩባንያ ሰው መጣና ጋራዡ ውስጥ ያለውን የውኃ ማሞቂያ ፈታትቶ አየው። ሁላችንም እሱ ይሁን ብለን ቆመን ስንጸልይ ሰውየው እጁን ጠርጎ «ጤነኛ ነው» አለ።

መኪናዋ ባትሪ የላትም። ማሞቂያው ጤነኛ ነው። ልጁ ግን በጋዝ ታፍኗል።

«ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ ነው የሚሆነው» አለ አሳምነው።

«በምን?» አልኩት።

«እኔ ምኑን አውቃለሁ። ይኸው ሁለት ቀን አልተኛሁም፣ ከነገ ወዲያ በረራ አለኝ።»

«አንተ ሞተር የምታስነሳው በሐሳብ ነው እንዴ? ባትሪ የለም እየተባለ።»

«ታዲያ እርስዎ ይንገሩና።»

ግራ ገባኝ ማለት አልወድም፣ ግን ግራ ገብቶኛል። ዓለምፀሐይ አጠገባችን ቆማ «የዓይነ ጥላ ነገር ይሆናል» አለች። ጋኔንም ቢሆን ባትሪ ያስፈልገዋል አልኳት።

*

ከሰዓት በፊት ሆስፒታል ሄድኩ። ተስፋጽዮን ነቅቷል። አፍንጫው ላይ ቱቦ አለ፤ ከንፈሩ ደርቋል፤ ግን አወቀኝ፣ «እማማ» አለኝ። አጠገቡ ስቀመጥ ሊሊ ገባች። ሰዓቷን ደጋግማ ታያለች፤ እስከ ማታ ነው ያላት።

«ተስፋጽዮን፣ ዳዊን አየኸው ያን ቀን?»

«አላየሁትም። መኪናዋ ልብሷን ለብሳ ነበር። እትዬ ዓለም ነበረች፣ ሰላም ብያት ገብቼ ተኛሁ።»

«ሞተር ሰማህ?»

«ምንም አልሰማሁም። ለምን ዳዊን ትጠይቂኛለሽ?»

«ዳዊ ታስሯል» አልኩት እኔ። ሊሊ ተቆጥታ አየችኝ። እውነቱን መናገር ምን ነውር አለው?

ልጁ ሊነሳ ሞከረ፤ ሳሉ መለሰው። «ዳዊ ምን አደረገ? ሞኝ ነው እንጂ ክፉ አይደለም።»

«ኦኬ፣ ተረጋጋ» አለችው። «አስበው። ያን ቀን ዲፈረንት የሆነ ነገር አለ? ትንሽም ቢሆን።»

ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። የተኛ መስሎኝ ነበር።

«ሞቆኝ ነበር» አለ።

«ምን?»

«ያ ክፍል እርጥበታም ነው፤ ሁልጊዜ ከነጃኬቴ ነው የምተኛው። ያን ቀን በእንቅልፌ መሐል ሞቀኝ። ጃኬቴን አውልቄ ወረወርኩት። ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ አላውቅም።»

በሸሚዝ ብቻ ነበር ያገኘሁት፤ እውነቱን ነው። ሊሊ ቀስ ብላ ተነሳች። «እማማ፣ እዚያ ቤት ሂተር አለ?»

«ታች? አሳምነው ሂተር ሊያስገባ? ለመርሴዲሷ ቢሆን ያስገባ ነበር።»

«ነይ፣ ቤት ልውሰድሽ» አለችኝ። «ልውሰድዎት» ማለት ነበረባት፤ ግን ፊቷን ሳየው አላረምኳትም።

*

ጋራዡ ውስጥ ቆማ ዙሪያዋን አየች። ሞቃት ነገር የሚባል የለም። ወለሉ እንደ ታጠበ ነው። ግድግዳው ሥር አንድ ትልቅ ሰማያዊ በርሜል በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ከዚያ በቀር የአሳምነው መፍቻዎችና አሮጌ ጎማዎች ናቸው።

የመኪናዋን ልብስ ሙሉ በሙሉ ገፈፈችው። ከዚያ ማንም ያላደረገውን አደረገች፤ በሩን ከፍታ ውስጥ ገባችና ዘጋችው። መሪውን አልነካች፣ ኪሶቹን አልበረበረች። ዝም ብላ ተቀመጠች። እንደ ሞኝ እያየኋት ቆምኩ። ስትወጣ ዓይኗ ርቆ ሄዷል።

«እማማ፣ ነይ አሽትቺ።»

«ከኮሮና ወዲህ አፍንጫዬ ሞቷል፣ ልጄ። ምን ይሸታል?»

«እናቴ ትሸታለች» አለች። ቃሉን ስትፈልግ ቆየች፤ አማርኛው እንዲህ ሲያስፈልግ ነው የሚጠፋው። «ጠላ ልትጠምቅ ስትል... እንጨቱ... ወይራ። እኛም ቤት ጋራዥ ውስጥ ነበር፣ ኤል ሴሪቶ ስንኖር። እቤት ውስጥ ካጤሰች አላርሙ ይጮሃል፣ ጎረቤት ኮል ያደርጋል።»

መስኮቷ በጣት ስፋት ተከፍቶ ነበር እኮ። ጭሱ ገብቶ ወንበሩ ውስጥ ተኝቷል፤ ወለል ቢታጠብ ወንበር አይታጠብም።

ሊሊ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች፤ እኔ አንድ አንድ እያልኩ ተከተልኳት። ወጥ ቤት ስደርስ ዓለምፀሐይ ሽንኩርት እየላጠች ነው፣ አሳምነው በስልክ ስለ በረራው ይጨቃጨቃል። ሊሊ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ከፈተች። የማንኪያው መሳቢያ ውስጥ፣ በሹካና በጭልፋ መሐል፣ ነጩ ክብ አላርም ተኝቷል። ባትሪው ወጥቶ ጎኑ ተቀምጧል።

«የእናቴም እዚህ ነበር» አለች ሊሊ። «ዓለምፀሐይ፣ ማኅበሩ መቼ ነው?»

«ለገብርኤል» አለች ዓለምፀሐይ፣ ሳታስበው። ቢላዋው እጇ ላይ ቆመ።

«በርሜሉን መቼ አጠንሽ?»

አሳምነው ስልኩን ዘጋ። ዓለምፀሐይ እሱን ነው የምታየው፣ ሊሊን አይደለም።

«ጋራዥ ውስጥ?» አለ። «እሳት? ታንኩ አፉ ድረስ በሞላ መኪና አጠገብ እሳት አነደድሽ? ስንት ጊዜ ነው የነገርኩሽ? ስንት ጊዜ...»

መሐል ላይ አፉ ተከፍቶ ቀረ። ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። ቀስ ብሎ ሄዶ በሚስቱና በሊሊ መሐል ቆመ።

«ዓለም፣ ዝም በይ። አንድ ቃል እንዳትናገሪ።»

«እኔ እኮ...»

«ዝም በይ አልኩሽ። ጠበቃ ሳይኖር አትናገርም። ሚስቴን ልታስሪያት ነው?»

«ማሰር አልፈልግም» አለች ሊሊ። «ማወቅ ነው የምፈልገው። ሽታ ለአለቃዬ ማስረጃ አይደለም። እሷ ካልተናገረች ዳዊ ዛሬ ይከሰሳል።»

«እሱ የእናንተ ሥራ ነው።»

ሕጉ ከእሱ ጋር ነበር። ሊሊ አላርሙን በፕላስቲክ ከተተች፤ ጓሮ ወርዳ የሎሚ ዛፉ ሥር የረጠበ አመድ አገኘችና ፎቶ አነሳች። የራሷ መኪና ውስጥ ገብታ ሳትነሳ ብዙ ቆየች። ከዚያ ሄደች።

*

አሳምነው ጠበቃ ሊፈልግ ሲወጣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ቀረን። ዓለምፀሐይ ሽንኩርቱን ትታ እጇን ታያለች።

«ጭሱ እኮ ወጥቶ ነበር፣ እትዬ» አለችኝ። «ትልቁን በር ከፍቼ፣ ጭሱ ሁሉ እስኪወጣ ቆሜ፣ ከዚያ ነው የዘጋሁት። ፍሙ ብቻ ነው የቀረው። ቀይ፣ ንጹሕ፣ ምንም ጭስ የሌለው። ጭስ ከሌለው ምን ያደርጋል?»

«ለምን አላወጣሽውም?»

«ልጁ ሁልጊዜ በረደኝ ይላል። ላወጣው ብዬ ምድጃውን አነሳሁ፤ ሳል ሰማሁ ከውስጥ። ይሙቀው ብዬ በሩ ሥር አስጠግቼ ተውኩለት። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጋሼ እንዳያይብኝ አመዱን ደፋሁ፣ ወለሉን አጠብኩ። እኔ የፈራሁት ቤንዚኑን ነበር። እሱ ስለ መኪናዋ ሲጮህ ነበር የታየኝ። ፖሊሷም የጠየቀችኝ ስለ መኪና ነው፤ መኪናዋን ማንም አልነካትም።»

ግንባሯን በእጇ ዳሰሰች። «ያ ሁሉ ራስ ምታት ታዲያ ከዚያ ነው?»

«ከዚያ ነው።»

«ገደልኩት እኮ።»

«አልሞተም። ሌላውን ግን አሁን እየገደልሽው ነው» አልኳት። እኔ ማባበል አላውቅም። «ባልሽ ስለሚወድሽ ነው ዝም በይ የሚልሽ፤ አልፈርድበትም። ዳዊ ግን ዝም በል ብሎ የሚቆምለት የለውም። ነጠላሽን ልበሺ።»

«ጠበቃው...»

«ጠበቃው እዚያ ይድረስልሽ።»

አልተነሳችም። እኔም ሁለተኛ አልጎተጎትኳትም፤ ሌላ ሰው ሊሄድላት የሚችል መንገድ አይደለም። ከዚያ ሽንኩርቱን በሳህን ከድና እጇን ታጠበች።

በባስ ሄድን። ጣቢያው ስንደርስ ሊሊ ወደ አለቃዋ ክፍል ስትገባ አገኘናት። ዓለምፀሐይ ቁጭ በይ ሳትባል፣ ስልክ የሚያወራው ሁሉ እየሰማ «እሳቱን ያነደድኩት እኔ ነኝ፤ ፍሙን እሱ በር ሥር ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» አለች። በአማርኛ። ክፍሉ ውስጥ ከሊሊና ከእኔ በቀር የገባው ሰው አልነበረም፤ ግን ሁሉም ዞሮ አያት።

ሊሊ ወንበር ሳበችላት። «ይቀመጡ» አለቻት። «ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

*

ብዙ ቆየን። አሳምነው ከጠበቃው ጋር ሲደርስ ሁሉም ነገር ተነግሮ ተጽፎ አልቋል። አልጮኸም። ግድግዳው ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ ኮፍያውን በጉልበቱ ላይ ያሽከረክራል። ጠበቃው አንብቦ «አደጋ ነው» አለ፤ ሊሊም አደጋ ነው አለች፤ ዓቃቤ ሕጉ ያየዋል፣ ሊጠሯት ይችላሉ፣ እስከዚያ ግን ቤቷ ትግባ ተባለ። ያንን ክፍል ደግሞ የከተማው ሰዎች መጥተው ያሽጉታል። አሳምነው «ያሽጉት» አለ። «በረራዬንም ሰርዣለሁ። ልጁ ሲወጣ ላይ ቤት ነው የሚገባው።» ወደ ሚስቱ ቀና ብሎ «አይደለም?» አላት። ዓለምፀሐይ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

አሳምነው ወረቀት ሊፈርም ከጠበቃው ጋር ሲቀር እኛ ወደ በሩ ወጣን። ዳዊ በጎን በር መጣ፤ የጫማውን ማሰሪያ በእጁ ይዟል። ክስ አልተመሠረተበትም። ቃለ መጠይቁም በቀኑ ይሆናል። ዓለምፀሐይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«እትዬ ዓለም፣ ነገሩኝ» አላት። «ተስፍሽ እንዴት ነው?»

«ስላንተ ጠየቀ ብለውኛል እትዬ» አለች ከነጠላው ውስጥ። «ተነስቶ ሊመጣ ነበር።»

ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሰረ፤ አስሮም ቶሎ ቀና አላለም። ከዚያ እኔን አየኝ። «እማማ፣ ሞተር ሰማሁ ብለዋል አሉ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ውጭ ላይ ነበር እኮ።»

«ውጭም ይሁን ውስጥ ሰምቻለሁ። ሰማሽ ወይ ተባልኩ፣ ሰማሁ አልኩ።»

ሊስቅ ዳድቶት ተወው። የዳዊን መኪና ፖሊስ ይዟታል፤ ነገ ነው የምትለቀቀው። ሦስታችንም ባስ ውስጥ ገባን። እኔ ከፊት ተቀመጥኩ፣ ዓለምፀሐይ አጠገቤ፣ ዳዊ ቆሞ ብረቱን ይዟል። ዝናቡ መስታወቱ ላይ ይወርዳል። ባሱ የሚያልፈው በሆስፒታሉ በር ነው። ዓለምፀሐይ ስለ ሆስፒታሉ አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁም፤ እሱ የሚወስነው ነገር ነው።

ሆስፒታሉ ጋ ስንደርስ የማቆሚያውን ገመድ የሳበው ዳዊ ነው።